አባቴ ከፖስት ካርድ ያሠራው ሆቴል

ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፈው መንገድ ዳር የእንግሊዝ ሆቴል ነበረን። አትሳቁ። እንግሊዝ ሠራው አላልኩም። የእንግሊዝ የሚመስል፣ በሐይቅ ድንጋይና በሐይቅ ጭቃ የቆመ፣ አባቴ ያሠራው ሆቴል ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ደርግ በአዋጅ ወረሰው እላለሁ፣ ለማሳጠር ያህል። እውነቱን ግን እኔ አውቀዋለሁ፤ የተወረሰው በአባቴ አንድ ቃል ነው። ሌላው ሁሉ እንዳይወረስ ተስማምቶ ነበር፤ ጣሪያውም፣ ግድግዳውም፣ ከደሴ የመጣው ቤት ለኪ እንኳ ሳይቀር።

ከሥሩ ልጀምር። አባቴ በጉብዝናው ባሕር ተሻግሮ፣ የመን አገር፣ ኤደን ሠርቷል። ኤደን ያኔ በእንግሊዝ እጅ ናት። ወደቡ ላይ ሲሸከም ቆይቶ አንድ እንግሊዝ መጋዘን ጠባቂ አደረገው። ሰውየው ወደ አገሩ ሲገባ ለአባቴ አንድ ጫማና አንድ ፖስት ካርድ ትቶለት ሄደ። ጫማው አለቀ። ካርዱ ላይ ያለው እንግሊዝ አገር የሚገኝ የባሕር ዳር ሆቴል ነው። "በአሮጊቷ ንግሥታችን ዘመን የተሠራ ነው፤ እናቴ እዚያ አልጋ ታነጥፍ ነበር" ብሎታል።

ካርዱ እኛ ቤት በመስታወት ተከድኖ ተሰቅሎ እያየሁት ስላደግኩ ዓይኔን ጨፍኜ ልነግራችሁ እችላለሁ። ቤቱ ቀይ ጡብ ነው። በቀዩ መሃል ነጭ ድንጋይ እንደ መቀነት ይዞረዋል። መስኮቶቹ እንደ ሌላ ቤት መስኮት ግድግዳው ውስጥ አርፈው አይቀመጡም፤ ሆዳቸውን ወደ ውጭ ነፍተው፣ ፊት ለፊትም ግራና ቀኝም መስታወት ለብሰው መንገዱን ያያሉ፣ ከምድር እስከ ፎቅ አንዱ ባንዱ ላይ። በስተቀኝ ጥግ ሾጣጣ ቆብ ያጠለቀ ግንብ አለ፤ ምን እንደሚሠራበት ካርዱ አይናገርም። መግቢያው በአምዶች የቆመ ነው። የበረንዳው ብረት እንደ ቀሚስ ጥልፍ ተፈልፍሏል። ጣሪያው ላይ ደግሞ አራት ማዕዘን የሆኑ አጫጭር ግንቦች ተደርድረዋል። እንግሊዞች ቤት ሲሠሩ በቃኝ አይሉም መሰለኝ፤ ባዶ ቦታ ካዩ አንድ ነገር ይለጥፉበታል።

አባቴ ተመልሶ ነግዶ ነግዶ እጁ ላይ ገንዘብ ሲገባ፣ ሌላው ወፍጮ ሲተክል እሱ ይህን ካልሠራሁ አለ። "ባሕር አለን፣ መንገድ አለን፣ ምን ጎደለን?" ይላል። ባሕር የሚለው ሐይቃችንን ነው።

የሠሩት የሰፈር ሰዎች ናቸው፣ በደቦ። እስላሙም ክርስቲያኑም ጭቃ ይረግጣል፣ ድንጋይ ያቀብላል፤ ባለቤቱ ያበላል። ካርዱን እየተቀባበሉ አዩት። ጡብ የለም፤ ድንጋይ ገነቡ፣ በጭቃ ለሰኑ፣ በቀይ አፈር ቀቡ፣ በላዩ ላይ በኖራ ነጭ ነጭ መስመር አስምረው ጡብ አስመሰሉት። መስኮቶቹን በጥድ እንጨት ሆዳም አድርገው አወጧቸው። የብረቱን ጥልፍ አንድ ቀጥቃጭ ከበርሜል ቆርቆሮ በመቀስ ቆረጠው፤ ቆርቆሮው እጁን የሚያሳርፍበትን ሁሉ ይቆርጥ ስለነበር በረንዳው ላይ የሚደገፍ አልነበረም። ሾጣጣው ግንብ ላይ ሲደርሱ "ይሄ ነገር መስጊድ ነው ቤተ ክርስቲያን?" ተባብለው ሊጣሉ ነበር። አባቴ "የማንም አይደለም፣ ጌጥ ነው" ብሎ አስታረቃቸው።

ጣሪያው ላይ ያሉት አራት ማዕዘኖች ግን አስቸገሩ። ምንድን ናቸው? አባቴም አያውቅም። ኤደን ቤት ውስጥ እሳት የሚሞቅ ሰው የለም፤ አገሩ ራሱ እሳት ነው። አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ካርዱን አይቶ አይቶ፣ "የባሕር ዳር ቤት አይደል? ንፋስ አለበታ። ጣሪያው እንዳይነሳ የተጫነ ክብደት ነው" አለ። ሁሉም አመኑ። ምናቸው ይሳቃል? እኛስ ቆርቆሮ ላይ ድንጋይ እንጭን የለም? እና ድፍን ድንጋይ በጭቃ እያቆሙ ጣሪያውን ጫኑት። የጭስ መውጫ መሆኑን ያወቅኩት እኔ ነኝ፣ ስምንተኛ ክፍል፣ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ላይ ሥዕሉን አይቼ። ለአባቴ ሮጬ ብነግረው "ጭስማ በበር ይወጣል" አለኝ።

ይሄ ሁሉ ግን ቀላሉ ነው። ካርዱ የሚያሳየው የሆቴሉን ፊት ብቻ ነው፤ ጀርባው የለም። ግንበኞቹ "ከኋላው ምን አለ?" ብለው አባቴን ጠየቁት። "የኔ ቤት ነዋ!" አለ። እንዳለውም ሠሩት። ሆቴሉን አምጥተው እኛ የምንኖርበት አሮጌ ቤት ፊት ላይ ለጠፉት። የሆቴሉ የኋላ ግድግዳ የኛ የፊት ግድግዳ ነው። የፎቁ ወራጆች የተኙት በኛ ምሰሶ ላይ ነው። ጣሪያው ከሆቴሉ ተነስቶ እኛንም ከድኖ ወደ ሐይቁ በኩል ይወርዳል። ከመንገድ ያየው ሰው እንግሊዝ አገር የደረሰ ይመስለዋል፤ ከሐይቁ በኩል የመጣ የጭቃ ቤት ነው የሚያየው። የጥንቱ የመንገድ በራችን የሆቴሉ ሳሎን መሃል ቀረ። እናቴ መጀመሪያ ሰሞን እንስራዋን አዝላ በእንግዶች መካከል "ይቅርታ፣ ይቅርታ" እያለች ነበር የምትወጣው።

ሆቴሉ አለቀ፤ ሰው ግን አይገባበትም። የከባድ መኪና ሹፌር ሻይ ጠጥቶ አያድርም፤ ቢራ ይፈልጋል፣ አረቄ ይፈልጋል። አባቴ ደግሞ ሶላቱን የማያጓድል ሰው ነው፤ ሊሸጥ አይችልም። በመጨረሻ ለአንዲት ክርስቲያን ሴት አከራየው። እትዬ ነው የምንላት። እጇ የጣፈጠ፣ አፏ የማይቻል። እሷ በገባች በሳምንቱ ደጃፉ በመኪና ተሞላ። እኛም በኪራዩ መኖር ጀመርን። አባቴ ግን እንቅልፍ አጣ። አረቄ የሚጠጣበት ቤትና እሱ የሚሰግድበት ቤት አንድ ቤት ሊሆን ነው፤ በመሃል በር አለ።

በሩን በድንጋይ ደፈነው። ለኛ በሐይቁ በኩል አዲስ በር አወጣልን። ይሄም አልበቃውም። ዱዓ ጠራ። ቤቱን በደቦ የሠሩትን በሙሉ ሰበሰበ። ለእስላሙ በእስላም እጅ ፍየል ታረደ፣ ለክርስቲያኑ በክርስቲያን እጅ ሌላ ፍየል ታረደ። በልተው ሲያበቁ አባቴ ተነሳና፣ "መስክሩልኝ። ይሄ ቤት ሌላ ነው፣ ያ ቤት ሌላ ነው። እዚያ የሚጠጣው እኔ ቤት አልተጠጣም። ነገ በአኺራ፣ ፈጣሪ ፊት ብጠየቅ ምስክሮቼ እናንተ ናችሁ" አላቸው። "መስክረናል!" አሉ። ክርስቲያኖቹም አሉ። ከዚያ ወዲያ ሐይቅ ውስጥ ያን ቤት አንድ ነው የሚል ሰው ጠፋ። እኛን የሚፈልግ "የሼሁ ቤት" ይላል፤ አልጋ የሚፈልግ "እንግሊዝ ሆቴል" ይላል።

እንዲህ ሆኖ ሲኖር ደርግ መጣ።

እኔ ያኔ ዘጠነኛን አቋርጬ፣ ከአስተማሪ ጋር ተጣልቼ ቤት ተቀምጫለሁ። ለምን እንደተጣላሁ አልናገርም፤ እሱም መልስ አልነበረው፣ እኔም ዝም አላልኩ። የትርፍ ቤት አዋጅ በሬዲዮ ሲነበብ የእትዬ ሳሎን ውስጥ ቆሜ ሰማሁት። እንደገባኝ፣ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ይተዋል፤ ከዚያ ያለፈው፣ የሚከራየው፣ የመንግሥት ይሆናል። ሹፌሮቹ አጨበጨቡ። እኔም ሳላስበው ከነሱ ጋር አጨበጨብኩ። እትዬ በማማሰያ ትከሻዬን መታችኝና፣ "አንተ የተረገምክ፣ የራስህን ቤት ሲወስዱ ታጨበጭባለህ?" አለችኝ።

ሮጬ አባቴ ዘንድ ገባሁ። "አባ፣ ሆቴሉን ሊወስዱት ነው።"

"ሰምቻለሁ።"

"አንድ ቤት ነው ካልን ግን አይወስዱትም። እትዬ ደባል ናት እንላለን። የምንኖርበት ቤት ነው፣ ሰፊ ነው፣ አለቀ።"

አባቴ መቁጠሪያውን ይቆጥራል። እናቴ ናት የመለሰችልኝ። "ልጁ እኮ እውነቱን ነው፣ አንቱ። በኪራዩ ነው የምንበላው። ጉልበትዎ እንደሁ ከዚህ ወዲያ ገበያ አይወጣ።"

"እንዴት አድርጌ ነው አንድ የምለው?" አለ አባቴ።

"በአፍህ!" አልኩት። እናቴ ጫማዋን ወረወረችብኝ።

ነገሩን ለቃል ልተወው አልፈለግኩም። የጁምዓ ቀን አባቴ መስጊድ ሲሄድ ጠብቄ ዲጂኖ ተዋስኩና የተደፈነውን በር መናድ ጀመርኩ። ትንሽ ቆይቶ ከወዲያ የእትዬ ድምፅ መጣ።

"ማነው ግድግዳዬን የሚቦረቡረው? አይጥ ከሆንክ ወፍረሃል!"

"እኔ ነኝ እትዬ!"

"ምን ልትሰርቅ ነው? መጥተህ ብትለምነኝ አልቀዳልህም ነበር?"

"በር እየከፈትኩ ነው! በር ካለው አንድ ቤት ነው!"

ከዚያ አንድ ከባድ ነገር ሲጎተት ሰማሁ፤ የጠርሙስ ቁም ሳጥኗን ከመንገዴ እያነሳችልኝ ነው። እሷም ነገሩ ይመለከታታል። ቀበሌ ሆቴሉን ከወሰደ አውጥተው ይጥሏታል። የመጨረሻው ድንጋይ ሲወድቅ ፊታችን በአቧራ ነጥቶ ተያየን። "እንግዲህ ሼሁ ሲመጣ እኔ አላየሁም፣ ተኝቼ ነበር" አለችና ሳቀች።

አባቴ ሲገባ ቀዳዳው ፊት ለፊት ተገትሮ ቀረ። የአረቄው ሽታ ቤታችንን ሞልቶታል። ይጮህብኛል ብዬ መልሱን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። አልጮኸም። መስገጃውን ከግድግዳው አወረደ፣ በሐይቁ በኩል ወጣ፣ ግቢው ውስጥ አነጠፈና ሰገደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ መስገዱን ተወ፤ ዝናብ ሲሆን በከብቶቹ ጋጥ ሥር ይሰግዳል። ንዴቴን ለማን ልናገር? ሊቆጣ የማይፈልግ ሰው እንዴት ይጣሉታል?

ለኪው ከደሴ መጣ። ወጣት ነው፣ ጸጉሩን ያጎፈረ፣ ሜትሩን በትከሻው ያንጠለጠለ። ሊቀመንበሩና የቀበሌው ሰዎች ከኋላው ናቸው። ሊቀመንበሩ ክርስቲያን ነው፣ ጎረቤታችን፤ ለሆቴሉ ድንጋይ ከተሸከሙት አንዱ ነው። አሁን ግን ሽጉጥ ታጥቋል፣ ቀበሌውም ጽሕፈት ቤት የለውም። ያን በረንዳ እንዴት እንደሚያየው እኔ አውቃለሁ።

ለኪው መንገዱ ላይ ቆሞ ሆቴሉን ቀና ብሎ ሲያይ አፉ ተከፈተ። "ይሄን የት ነው ያየሁት?" አለ። ካርዱን ከነመስታወቱ አመጣሁለት። ካርዱን አንድ ጊዜ፣ ቤቱን አንድ ጊዜ እያየ እንደ ልጅ ሳቀ፤ የንቀት ሳቅ አልነበረም።

"መስኮቱን በደንብ አውጥተውታል። ጭሱ ግን በየት ነው የሚወጣው?"

"በበር" አልኩት።

ውስጥ ገባ። የእትዬን ሳሎን ለካ። በከፈትኩት ቀዳዳ አጎንብሶ ወደኛ ተሻገረ፣ ምሰሶውን በእጁ ዳበሰ፣ መሰላል አቁሞ ጣሪያው ሥር ገባና ሲያስነጥስ ሰማነው። ሸረሪት ድር ተጎናጽፎ ወረደ።

"ጣሪያው አንድ፣ ግድግዳው አንድ፣ ምሰሶው የጋራ። ይሄን ለሁለት የሚከፍል ሰው ካለ መጋዝ ይዞ ይምጣ። አንድ ቤት ነው" አለ።

ልቤ ዘለለች። ሊቀመንበሩ ግን ፊቱ ቀላ። "ጓድ፣ ይሄ በር የትናንት ነው። አፈሩን እየው። ሼህ ራሳቸው ሁለት ቤት ነው ብለው እኛን ሰብስበው አስመስክረዋል። ፍየል አርደው! እኔ ራሴ በልቻለሁ።"

"አንተማ ከሁሉም በላይ በልተሃል!" አልኩት። የቀበሌው ሰዎች ሳቁ።

ለኪው እጁን አወናጨፈ። "መሥሪያ ቤቴ ፍየል አያውቅም። እኔ ግድግዳ ነው የማውቀው። ባለቤቱ ይናገሩና ላብቃ። አባት፣ አንድ ነው ሁለት?"

አባቴ በሩ ላይ ቆሟል። ከሊቀመንበሩ ኋላ ያሉትን አየ። ጭቃውን የረገጡት፣ ያ ቀጥቃጭ፣ የሽማግሌው ግንበኛ ልጅ፣ ሁሉም አሉ። ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። አንድ ቢል ማንም እንደማይከራከረው ያን ጊዜ ገባኝ። ሊቀመንበሩ እንኳ ባለቤቱ አንድ ነው ካለ ምን ሊያደርግ ነው?

"አንድ ነው በላቸው፣ አባ!"

"አንተ ዝም በል።" ወደ ለኪው ዞረ። "ሁለት ነው።"

ለኪው ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አባት፣ የገባዎት አልመሰለኝም። ሁለት ካሉ የፊተኛው ይሄዳል።"

"ገብቶኛል።"

"ግድግዳው እኮ አንድ ነው።"

"ግድግዳው አንድ ነው" አለ አባቴ፣ "ቤቱ ሁለት ነው።"

አባቴ ሐሳቡን ይለውጥ እንደሁ የሚጠብቅ ይመስል ለኪው ወረቀቱን ቀስ ብሎ ገለጠ። ከዚያ ጻፈ። እትዬ ከወዲያ በኩል አንድ ብርጭቆ ወርውራ ስትሰብር ሰማን።

ሰዎቹ ሲሄዱ በአባቴ ላይ ያለኝን ሁሉ አወረድኩበት። ያልኩትን ሁሉ አልጽፍም። "ለአረቄ ሽታ ብለህ ልጆችህን ጾም ልታሳድር ነው?" ብያለሁ።

"ለአረቄው አይደለም" አለኝ። "መስክሩልኝ ብዬ የሰው አፍ ተበድሬአለሁ። ግማሾቹ ሞተዋል። እኔን ብለው መስክረው ነው የሄዱት። ዛሬ አንድ ነው ብል ከመቃብር አውጥቼ ውሸታም ላድርጋቸው? በሕይወት ያሉትንስ ምን ብዬ አያቸዋለሁ?"

"የሞተ አይርበውም። እኛን ነው የሚርበን።"

"ይርበናል" አለ። በቃ፣ ይሄው ነው። አልተከራከረኝም። አሁንም የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ ያልኩትን ሁሉ ተቀብሎ ያለውን አልተወም።

በሳምንቱ ቀበሌው ሆቴሉን ተረከበ። እትዬ ዕቃዋን በጋሪ ጭና ወደ ገበያው በኩል አንዲት ጠባብ ቤት ገባች። ሊቀመንበሩ ወንበሩን ከፎቁ ሆዳም መስኮት ሥር አስቀመጠ። የኛና የነሱ ቤት መሃል ግን የከፈትኩት ቀዳዳ እንዳለ ነው። እናቴ ወጥ ስታማስል የስብሰባው መፈክር ማድቤት ድረስ ይሰማታል።

አንድ ጠዋት አባቴ ድፈነው አለኝ።

"እኔ አንድ ነው ብዬ የከፈትኩት ነው። ሁለት ያለ ይድፈን" አልኩት።

ጭድ አመጣ፣ አፈር ቆፈረ፣ ውኃ አፈሰሰ፣ ሱሪውን ሰብስቦ በዚያ በታመመ ጉልበቱ ጭቃ መርገጥ ጀመረ። እኔ እጄን አጣምሬ ቆሜያለሁ። ብዙ አልቆየም፣ ቀጥቃጩ በአጥሩ በኩል ገባ። ማንም አልጠራውም። ጫማውን አውልቆ ጭቃው ውስጥ ገባ። ከዚያ የግንበኛው ልጅ መጣ። ከዚያ ሌሎችም፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፤ ያን ዕለት መስክረናል ካሉት በሕይወት ያሉት ሁሉ መጡ ማለት ይቻላል። እትዬ ከገበያው በኩል ውኃ ተሸክማ መጣች። "ለሥራው ነው እንጂ ለሼሁ ብዬ አይደለም፤ ከሱ ጋር ተጣልቻለሁ" አለች።

በመጨረሻ ሊቀመንበሩ በቀዳዳው በኩል ብቅ አለ። ሽጉጡን ፈትቶ ከወዲያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና አጎንብሶ ወደኛ ተሻገረ፣ ሱሪውን ጠቀለለ።

አላስችል አለኝ። "ጓድ ሊቀመንበር፣ ይሄ የምትረግጠው ጭቃ የማነው? የመንግሥት ነው የግለሰብ?"

ሰዎቹ ሳቃቸውን ዋጡ። ሊቀመንበሩ ቀና ብሎ አየኝ። "አንተ ልጅ፣ አፍህን ተውና ያን ድንጋይ አቀብለኝ። ግድግዳው እንደሁ የጋራ ነው።"

"ያን ዕለት እንደሱ ብትል ምን ነበረበት?"

አባቴ ጭቃው ውስጥ እንደቆመ እጁን ወደኔ ዘረጋ። የሚለምነኝ ይሁን የሚያዘኝ አላውቅም፤ ዘረጋ ብቻ። ድንጋዩ እግሬ ሥር ነው። አላቀበልኩትም። ቀጥቃጩ ተሻግሮ መጥቶ አነሳው።

ወደ መንገዱ ዞሬ ወጣሁ። አንድ የማውቀው ሹፌር በዚያው ቀን ወደ ኮምቦልቻ ወሰደኝ፤ አሁን እዚያ ነው የምሠራው፣ የመጋዘን ጫኝ ነኝ። ለእናቴ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ስኳርና ዘይት እልካለሁ። አባቴ ወደ ቤት ውስጥ ገብቶ መስገድ እንደጀመረ መልእክት ልካልኛለች። እኔ ስኳሩ ደርሷት እንደሁ ብቻ አስጠየቅኳት።